ኮከቡን የለጠፍኩት እኔ ነኝ

ጋሽ ወጋየሁን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አንዳንዱ ፊት ለፊት ይለኛል፣ አንዳንዱ እኔ ስደርስ ወሬውን ይቀይራል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ሃምሳ ስድስት ሞልቶኛል። ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ መኪና እቀባለሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፣ ያቋረጥኩበትንም ምክንያት እናገራለሁ። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ሰው ነው።

ግቢያችን ነፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ነበር። ትልቁ ቤት የጋሽ ወጋየሁና የባለቤቱ የእትዬ ሸዋረገድ ነው። ከጎኑ የተለጠፈችው አንድ ክፍል ደግሞ ትርፍ ቤት ተብላ ከእነሱ ተወርሳ፣ ቀበሌ ለእኛ ያከራያት ናት። እትዬ ሸዋረገድ ይህን አንድም ቀን አልረሳችልንም። እናቴን ሐሚዳን ሰላም ስትላት እንኳ ዓይኗ በራችን ላይ ያርፋል፣ የገዛ ዕቃዋን ሰው እጅ ላይ ያየች ይመስል። አባቴ አብደላ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የሶማሌ ጦርነት ሲጀመር ከነመኪናው ለዘመቻ ተወስዶ ወደ ምሥራቅ ስንቅ ያመላልሳል። እናቴ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ጆሮዋ ውጭ ነው፤ ሰው በአጥሩ ባለፈ ቁጥር እግሯ ይቆማል፣ ሲርቅ እንደገና ትረግጣለች። እኔም የሰውን መምጣትና መሄድ በእሷ እግር አውቅ ነበር።

ጋሽ ወጋየሁ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ቀለም አዛማጅ ነበር። የተፋቀ የበር ስባሪ ይዘህለት ብትሄድ ያንኑ ቀለም ያለ ሚዛን በዓይኑ ብቻ ቀላቅሎ ይሰጥሃል። ክብሪት እንጨት ይነክራል፣ ያደርቃል፣ ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያስተያያል። «እርጥቡን አትመን፣ ይድረቅ» ይለኝ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ በጥድፊያ አገሩ የገባ ፈረንጅ አለቃው አንድ ካርቶን የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን ትቶለት ነበር። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ያኔም ያረጁ። ሳጥኑ ላይ በደመና መሀል እሳት እየተፋ የሚበር አውሮፕላን ተስሏል፤ ስትከፍተው ግን ዘንግ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት የተሰካኩ ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው። ሙጫው ቱቦው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ጋሽ ወጋየሁ አልተበገረም። የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ ከትፎ በጠርሙስ ውስጥ በአሴቶን ያሟሟውና የራሱን ሙጫ ይሠራል። ፕላስቲክን በፕላስቲክ ማጣበቅ እንግዲህ እንዲህ ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ በምላጭ ይፍቃል፣ እኔ የአብራሪዎቹን ፊት እቀባለሁ። አብራሪው የጥፍሬን ያህል ነው፣ ፊቱ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። መመሪያው ወረቀት ላይ ፊቱ ሮዝ ነው። መጀመሪያ ቀን ሮዙን ልነክር ስል ጋሽ ወጋየሁ እጄን ያዘኝ።

«ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ የሚበረው?» አለ። ከዚያ ቡኒና ቢጫ፣ ትንሽ ቀይ ቀላቀለና በክብሪት እንጨት እጄ ጀርባ ላይ ነካ አደረገው። ሲደርቅ ጠፋ። ቀለሙ ከቆዳዬ አልተለየም። ያ ቤት ውስጥ የነበሩ አብራሪዎች በሙሉ የእኔ እጅ ቀለም ነበሩ።

ያለቁትን አውሮፕላኖች በናይለን ክር ከኮርኒሱ ያንጠለጥላቸው ነበር። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ምስማሮቹ ጨርቁን አልፈው ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ ተመትተዋል። አሥራ አንዱ ተሠርተው ሲያልቁ አሥራ ሁለተኛውን ሳጥን ሳይከፍተው ጭኔ ላይ አኖረው። «ይሄን አንተ ነህ የምትሠራው። እኔ እጄን አላስገባም። ሲያልቅም የአንተ ነው» አለኝ። በሕይወቴ ሙሉ አንድ ነገር የአንተ ነው ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ አባይነህ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከክረምቱ ወዲህ አላየሁትም። የት ሄደ ሲባሉ አርሲ፣ አጎቱ ጋ ይላሉ። እትዬ ሸዋረገድ ይህን ስትናገር በጣም ትፈጥን ነበር።

በ1970 ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ የአውሮፕላኔን መስታወት፣ ያን አብራሪው የሚቀመጥበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን፣ ልገጥም ስል ሙጫ የነካ አውራ ጣቴ አረፈበት። ሙጫው መስታወት ከነካ ይበላዋል፣ መቼም አይለቅም። አሻራዬ እንደ ጭጋግ ቀረበት። ደነገጥኩና ጋሽ ወጋየሁ አይቶኝ እንደሆነ ለማወቅ ቀና ስል አውሮፕላኖቹ ይንቀጠቀጣሉ። በሩ ዝግ ነው፣ ንፋስ የሚባል የለም። አሥራ አንዱም በየክራቸው ላይ እንደ በረዳቸው ይርገፈገፋሉ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ እየተንቀሳቀሱ ነው» አልኩ።

ምላጩን አስቀመጠ። እትዬ ሸዋረገድ ተነስታ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው፤ የሰልፍ መዝሙር እየተዘፈነ ነበር። ጋሽ ወጋየሁ ኮርኒሱን ሳያይ እኔን አየኝና «መሬቱ ነው። የጭነት መኪና አልፎ ነው» አለኝ። እኔ የሹፌር ልጅ ነኝ። ምንም መኪና አላለፈም። ግን የሚያስጨንቀኝ መስታወቱ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳጥኔን በራችን ላይ አኑሮት አገኘሁ። ራሱ ወጣና ሥራ በዝቶብኛል፣ ከእንግዲህ ወዲህ እዚህ ቤት አትምጣ አለኝ። በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየሁ። አውሮፕላኖቹ ወርደዋል። ክራቸውን በመቀስ ቆርጦት ጫፍ ጫፉ ብቻ ከየምስማሩ ላይ ቀርቷል። ባንዲት አሻራ ይህን ሁሉ ማድረጉ ገረመኝም፣ አቃጠለኝም። ሌሊት ፍራሼ ላይ ሆኜ መስታወቱን በምራቄ፣ በሳሙና፣ በአመድ ስፈትገው አልለቅም አለኝ።

በዚያ ሰሞን ብዙ ነገር ተለዋወጠ። ሬዲዮናቸው ማንም ሳይሰማው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። እትዬ ሸዋረገድ ለሁለት ሰው የምትሠራው ወጥ በዛ። አንድ ቀን በጋራው ግድግዳ በኩል ሳል ሰማሁና ጋሽ ወጋየሁ አሞት ነው ለካ ብዬ ደስ አለኝ፤ ያስቀረኝ ታሞ ነው፣ ሲሻለው ይጠራኛል ብዬ። ለእናቴ ስነግራት መርፌው ላይ ክር እያስገባች ነበር፣ እጇ ሳተ። ያን ቀን ፍራሼን ከግድግዳው አነሳችና በወዲያ በኩል አነጠፈችው፤ ይበርድሃል አለችኝ። «የሰው ቤት ውስጥ ጆሮህን አታስገባ» አለች ደግሞ፣ ለብቻው። እናቴ ያን ሳል ከእኔ በፊት ሰምታው እንደነበር የገባኝ እሷን ቀብሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ለማንም ሳትተነፍስ ሞተች፣ ለእኔም ጭምር።

አውሮፕላኑን ብቻዬን ጨረስኩት። ጋሽ ወጋየሁ ሲያየው የአሻራዬን ነገር ይተወዋል ብዬ ነው እንዲያ የደከምኩበት። የቀረው በሳህን ውሃ ተነክሮ ከወረቀቱ የሚላቀቀውን ሥዕል መለጠፍ ነበር። የአሜሪካ አውሮፕላን ነው። ምልክቱ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ነጭ ኮከብ ሆኖ ግራና ቀኝ ክንፍ የመሰሉ ነጫጭ ሰንበሮች አሉት። ወረቀቱ አርጅቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ውሃ ውስጥ ስነክረው ሰንበሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰነጣጠቀ። ኮከቡና ክቡ ደህና ወጣ። አንዱ ያለ ሰንበር ሌሎቹ ከነሰንበር ከሚሆኑ ብዬ የሁሉንም ሰንበር በምላጭ ቆረጥኳቸውና አራቱንም ለጠፍኩ። በሰማያዊ ላይ ነጭ ኮከብ ብቻ። ጋሽ ወጋየሁ ራሱ ከዚህ አያሳምረውም አልኩ።

የማን ምልክት መሰለ የሚለው በሐሳቤ አልመጣም። በዚያን ጊዜ አዋቂ ሁሉ ያየው ነበር፤ ባንዲራው በየስብሰባው ተስሎ ጠላትን ዕወቅ ይባልበታል። እኔ ግን በስብሰባ ላይ ስለ ጫማዬ ነበር የማስበው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማንም ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ለፈለፈ። አሰሳ ነው። እናቴ ያላትን ሁሉ፣ የአባቴን ደብዳቤ ሳይቀር፣ አልጋው ላይ ዘረገፈች፤ እንዳይፈልጉ ብላ ራሷ አስቀድማ ማሳየቷ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ዛሬ ጋሽ ወጋየሁ ሥራ አይሄድም፣ ቤት ነው። እናቴ ዞር ስትልልኝ አውሮፕላኑን በሹራቤ ውስጥ ይዤ ወጣሁና በተከፈተው መስኮታቸው ደፍ ላይ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ማገዶው ጀርባ ተደበቅኩ፣ ሲያገኘው ፊቱን ለማየት።

መጀመሪያ የመጡት ግን አብዮት ጠባቂዎቹ ናቸው። አለቃቸው መዝገቡ ነበር፣ ድሮ ሥጋ ቤት ይሠራ የነበረ፣ የሰፈራችን ሰው። ከኋላው ኢታና የሚባል ለግላጋ ልጅ ጠመንጃው ከትከሻው እየተንሸራተተበት ይከተላል። ትልቁ ቤት ገቡ። ዕቃ ሲገለበጥ፣ ሣጥን ሲጎተት ይሰማኛል። አውሮፕላኔን ይሰብሩታል ብዬ ተነስቼ ገብቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

መዝገቡ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን ያያል። «እነዚህ ምስማሮች ምን ነበሩባቸው?» አለ። እትዬ ሸዋረገድ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች፣ እጇ ግን ደረቅ ነው። መዝገቡ አፈሙዙን ወደ አቡጀዲው አነሳ።

«ጓድ መዝገቡ» አለ ኢታና ከመስኮቱ በኩል። አውሮፕላኔን በሁለት ጣቱ ይዞታል፣ የሚናከስ ነገር እንደያዘ። «ይሄ ኮከብ የነሱ አይደለም?»

መዝገቡ ከአልጋው ወረደ። ተቀብሎ ገለበጠው። ከላይ ሁለት፣ ከጎን ሁለት፣ በሰማያዊ ላይ ነጭ ኮከብ። «የሶማሌ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። «የሶማሌ አውሮፕላን እዚህ ቤት ይሠራል።»

ነገሩ እንደተበላሸ ቢገባኝም፣ ኮከቡ የአሜሪካ መሆኑንና ሰንበሩን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ብናገር ነገሩ የሚያልቅ መሰለኝ። የጋሽ ወጋየሁን ዓይን ማየት ስላቃተኝ እንደ ልማዴ ቀና አልኩ፣ አውሮፕላኖቹ ወደነበሩበት። የተቆረጡት የክር ጫፎች በየምስማሩ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። እነሱም የፈሩ መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ። ኮከቡን የለጠፍኩት እኔ ነኝ ልል።

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየሁም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ወጋየሁ ከዚያ በፊት ድምፁን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም።

«ዝም በል» አለኝ። ወደ መዝገቡ ዞረ። «የእኔ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት። ሌሎቹም ካርቶን ውስጥ አሉ፣ ኑ ላሳያችሁ።»

ያን ጊዜ ያቃጠለኝ ጥፊው አልነበረም። የእኔ ነው ማለቱ ነው። የአንተ ነው ብሎ በገዛ አፉ የሰጠኝን፣ ለብቻዬ የደከምኩበትን፣ ሰው ፊት ነጠቀኝ። ልቤ ላይ ያ ነው የቀረው፣ ለብዙ ዓመት። የሐሚዳና የአብደላ ልጅ፣ ሱልጣን የሚባል፣ አባቱ በምሥራቅ በኩል የሚመላለስ፣ በእጁ የሶማሌ ኮከብ ሲገኝ እናቱን ምን እንደሚያደርጓት ጋሽ ወጋየሁ በዚያች ቅጽበት አስቦት ይሁን አይሁን አላውቅም። አስቦትም ይሆናል። እኔ ያየሁት የነጠቀኝን ብቻ ነው።

ጋሽ ወጋየሁን ካርቶኑን አሸክመው ወሰዱት። ማስረጃ ተገኝቷልና ኮርኒሱን የነካው የለም። ኢታና አውሮፕላኔን በጁ ከፍ አድርጎ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር፣ ልጆች ተከተሉት። ከሩቅ ሲያዩት የሚበር ነበር የሚመስለው።

እናቴ ጎትታ አስገባችኝ። እጄን በላምባ ፈተገችው፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ግራጫ ቀለም እስኪወጣ፣ ቆዳዬ እስኪቃጠል። ሳጥኑን፣ መመሪያውን፣ የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው። «አንተ አውሮፕላን ሠርተህ አታውቅም» አለችኝ። «ማነው የሠራው?» ትለኛለች። ጋሽ ወጋየሁ እላለሁ። «ደግመህ በል።» ደግሜ እላለሁ። እንዲህ አድርጋ አስጠናችኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ እትዬ ሸዋረገድ ከአንዲት ረጅም ሴት ጋር ስትወጣ አየኋት። ሴትዮዋ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፣ አረማመዷ ሰፊ ነው። ለሐዘን የመጣች አክስት ናት ብዬ አሰብኩ፤ እንዴት ያለች ትልቅ እግር ያላት አክስት አልኩ።

እትዬ ሸዋረገድ ስትመለስ ሥራዬ ብላ በእኔ ላይ ተነሳች። ለውሃ ወረፋ ስትቆም፣ ከቀበሌ ሱቅ ስትመለስ፣ ላገኘችው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትለው፦ ያ የሐሚዳ ልጅ አፉን ሲከፍት በዓይኔ አይቼዋለሁ። እናቴ አንድም ቀን አልመለሰችላትም። በትምህርት ቤት ጆሮ ጠቢው ተባልኩ። እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል፣ ልጆች ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሰባተኛ ክፍል ላይ አንዱን በወንበር መታሁትና ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። አውቶቡስና መኪና የሚቀባ ሰው ጋ ገባሁ። ክብሪት እንጨት ነክሬ፣ አድርቄ ወደ ብርሃን ሳነሳ ማን አስተማረህ አለኝ። ማንም አልኩት።

ጋሽ ወጋየሁ ከዓመት ከስምንት ወር በኋላ ተፈታ። ቀኝ እጁ ብሩሽ አይይዝም ነበር፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ፋብሪካው ውስጥ በር ጠባቂ ሆነ። አንድ ቀን በር ላይ ተፋጠጥን። ቆመ፣ የሆነ ነገር ሊለኝ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሚስቱ ከውስጥ ጠራችውና ገባ። እንኳን ይቅርታ፣ ሰላምታም አልሰጠኝም። በ1978 ሞተ። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጫፍ ተቀምጬ ማንም አላናገረኝም።

አባይነህ ባለፈው ጥር ጋራዤ መጣ። ሀዋሳ መድኃኒት ቤት እንዳለው እሰማ ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ሸሚዙ ንፁህ ነው። እናቱ ከሞተች ዓመቷ ነው፤ ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃ ሊያነሳ መጥቶ የመኪናው መከላከያ ተፋቆበታል። ውሃ ሰማያዊ ነው፣ ያረጀ ቀለም፣ ለማዛመድ የሚያስቸግር። አንቱ ልበለው አንተ አመነታሁና አንተ አልኩት። በርጩማ ሰጠሁት። ቀለሙን ስቀላቅል እጄን ይከታተል ነበር።

«እንደ አባቴ ነው የምትሠራው» አለ።

ክብሪት እንጨት ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ።

«ያን ቀን እላይ ነበርኩ፣ ኮርኒሱ ውስጥ። አግዳሚው ላይ ተኝቼ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነበር።»

እጄ አልቆመም። ግን ጋሽ ወጋየሁ አውሮፕላኖቹን ለምን እንዳወረዳቸው፣ የማን ሳል እንደነበር፣ አክስትየዋ እግሯ ለምን እንዲያ እንደተለቀ፣ ይህ ሁሉ ክብሪት እንጨቱ እስኪደርቅ ባለው ጊዜ ውስጥ ገባኝ። ጋሽ ወጋየሁ አሻራዬን ጭራሽ አላየውም ነበር።

«መዝገቡ አፈሙዙን ሲያነሳ አልቆልኝ ነበር» አለ አባይነህ። «ያ ያንተ አውሮፕላን ባይገኝ ኖሮ…» ተወው። «በጨርቁ ቀዳዳ አይሃለሁ። አንተ ቀና ብለህ ክሮቹን አየሃቸው። ከዚያ አፍህን ከፈትክ። እናቴ፣ ክሩ ይንቀሳቀሳል ሊል ነበር ብላ ነው የሞተችው። እድሜ ልኳን የጠላችህ ለዚህ ነው። አባቴ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ያን ልጅ መትቼዋለሁ፣ ምን ሊል እንደነበር ግን አላውቅም ይል ነበር። ሲያጣጥርም ብሎታል።» ከበርጩማው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ምን ልትል ነበር፣ ሱልጣን?»

አርባ ሰባት ዓመት አንድ ሰው ይህን እንዲጠይቀኝ ጠብቄያለሁ። መልሱን በመንገድ ስሄድ፣ መኪና ስር ተኝቼ፣ ለብቻዬ ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። አምስት ቃል አይሞላም። ብነግረው ኖሮ እዚያው በርጩማው ላይ ያለቅስ ነበር፣ ፊቱ ያስታውቃል። ቀብር ቦታ ሄዶም ለአባቱ ይነግረው ነበር ይሆናል። ለእኔ ግን ማን ሄዶ ለማን ይነግርልኛል?

«ረስቼዋለሁ» አልኩት።

ጠበቀ። እኔ ክብሪት እንጨቱን አንስቼ ከመከላከያው ጋር አስተያየሁት። አልተለየም፣ ልክ ነበር። አንድ ጊዜ ቀባሁለትና ብሩሼን ቲነር ውስጥ ከተትኩ። መኪናውን ዛሬ ይዞ ይሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እርጥቡ አይታመንም» አልኩት። «ይድረቅ። ነገ ና።»